እናቴ «ሞቻለሁ» ስትል

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ «እኔ ሞቻለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ በስብሷል» የሚል ሰው ላለው ቤተሰብ ነው። እናቴ እንዲህ ማለት ስትጀምር በአማርኛ የተጻፈ የሚረዳኝ ነገር ፈልጌ ነበር። ስለ ጭንቀትና ስለ ድባቴ የተጻፈ ብዙ አለ። ድባቴ በጣም ሲከፋ ሰው በሕይወት የለሁም ብሎ እስከ ማመን እንደሚደርስ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። እናቴ አሁን ተሽሏታል። እንድጽፈውም የነገረችኝ እሷው ናት። «ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሰቃይ ጻፊው» ብላኛለች።

ጽሑፉን እስከ መጨረሻ የማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ይያዝልኝ። እንዲህ ያለ ንግግር ስትሰሙ ምን ያህል እንደሚበላና እንደሚጠጣ ተመልከቱ። የተናገረውን ደግሞ ሳታሳምሩና ሳትደብቁ፣ እንዳለ ለአእምሮ ሐኪም ንገሩ። በሽታው ስም አለው፣ ሕክምናም አለው።

ነገሩ የጀመረው ቤት ከቀየርን በኋላ ነው። እናቴ ዕድሜዋን የኖረችበት ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃው እዚያው ነው፣ መጸዳጃው የራሳችን ነው። ግን ቡና የምትጠራቸው ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ማኅበሯ ራቀ። ለቅዳሴ በእግሯ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ሆነ። ስድሳዎቹን የጀመረች፣ ቤቷ ሰው የማይጠፋባት ሴት በአንድ ጊዜ ከግድግዳ ጋር ቀረች።

መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ እንቅልፏ ጠፋ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃና እስኪነጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ጠዋት ይብስባታል፣ ወደ ማታ ትንሽ ቀለል ይላታል። ያለ ሰዓቱ መንቃትና የጠዋት መክበድ የከባድ ድባቴ ምልክቶች መሆናቸውን ሐኪሙ በኋላ ነግሮናል። እኛ «ሰፈሯ ናፍቋት ነው፣ ትለምደዋለች» እያልን ነበር። እንዲህ ማሰብ ያለ ነው፤ ማንም ቤተሰብ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ጥፋተኝነት መጣ። ከዓመታት በፊት ያረፈች እህቷን እያነሳች «እኔ ነኝ የገደልኳት። ውሃ እንኳ አላቀበልኳትም» ትል ጀመር። እውነቱ ሌላ ነው። አክስቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት እናቴ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብንነግራት ግን አትሰማም። የቀብሩን ቀን የነበሩ ሰዎች መጥተው ቢመሰክሩላት «እናንተ አታውቁም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ቀጥሎ ነገሩ ወደ ሆዷ ዞረ። «አንጀቴ ደርቋል» አለች። «የምበላው የትም አይደርስም። እዚህ ደረቴ ላይ ይከመራል።» ሰውነቷ እየሸተተ ስለመሰላት አጠገቧ ስንቀመጥ ትሸሸን ጀመር። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ሌላ ቦታ ሄደን በመሣሪያ ታየች፣ ምንም የለባትም ተባለ። «ጤነኛ ነሽ» መባሉ ባሰባት። «አያችሁ? ባዶ ስለሆነ ነው የሚታይ ነገር ያጡት» አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ስለዚህ ነገር ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እናቴ ድሮም ጾም አጥባቂ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመሷ ማንንም አያስደነግጥም። 55 ቀን በሚጾምበት ቤት ምግብ ያቆመ ሰው ቶሎ አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ነው። ጾመኛ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ይርበዋል፣ ሽሮው ይጣፍጠዋል፣ ውሃ ይጠማዋል። እናቴ ግን ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትሪውን ትገፋዋለች። ውሃም አትጠይቅም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ነው ሁላችንም የነቃነው። ጾም አጥባቂ ታማሚ ካላችሁ የሚጾምበትን ሰዓት ትታችሁ የሚፈታበትን ሰዓት ተመልከቱ።

ፋሲካ ሳይደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከቤት ወጣች። የሄደችው የድሮው ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ቤት ነው። «ከሞትኩ ስንት ጊዜዬ፣ ጥሩንባ ያልተነፋልኝ ለምንድን ነው? መዋጮዬን አጓድዬ አላውቅም» አለቻቸው። ሰውየው መጀመሪያ ቤተሰብ የሞተባት መስሏቸው ነበር። የሞተችው እሷ መሆኗን ደጋግማ ስትነግራቸው እጇን ይዘው፣ በታክሲ አሳፍረው አመጡልን። በር ላይ ቆመው እንባቸው ይወርድ ነበር። «ይህቺ ሴት ታማለችና ዛሬ ነገ አትበሉ» ያሉን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። እግዜር ይስጣቸው።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ መንፈስ ነው አለ፣ ሌላዋ መተት ተሠርቶባት ነው አለች። አንድ ትልቅ ዘመድ ደግሞ ሐኪም ቤት መሄዳችንን ደግፈው ሲያበቁ አንድ ምክር ጨመሩ፦ «እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ዘጋች ብቻ በሉ። ሞቻለሁ ማለቷን አታንሱ። እብድ ብለው ይጽፉባታል፣ ስሟ ይጠፋል።» ፍርሃታቸው ይገባኛል። በአገራችን የአእምሮ ሕመም ስም እንዴት እንደሚያስፈራ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። የድባቴ ሕመም ከእውነታ የራቀ እምነት ሲጨመርበት መድኃኒቱም አያያዙም ይለወጣል። ያን እምነት የደበቀ ቤተሰብ ታማሚውን ግማሽ ሕክምና ይዞ እንዲመለስ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጥሩንባውን፣ የአንጀቱን፣ የእህቷን። ያለችውን በቃሏ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ልብ ይደነግጣል፣ ነገር ይረሳል።

የአእምሮ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «እማማ፣ ሞቻለሁ ሲሉ እንዴት ነው? ሰው ሲከፋው እንደሚለው ነው ወይስ በእውነት?» አላት።

«በእውነት ነው እንጂ ልጄ። ነፍሴ ወጥታለች። ይህ የምታየው በድኔ ነው።»

«ከእኔ ጋር እያወሩ ነው እኮ።»

«እሱ ነው ቅጣቴ» አለች። «ሞቼም አላርፍም። ለእህቴ ባደረግኩት እንዲህ ሆኜ ለዘላለም እቆያለሁ።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ። ጥፋተኝነቱ፣ አንጀቱ፣ ሞቱ፣ አለመብላቱ የተለያዩ በሽታዎች አይደሉም። ሁሉም የሚፈሱት ከአንድ ምንጭ ነው። ሐኪሙ ይህ ኮታርድ ሲንድረም እንደሚባል፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም በጣም ከከበደ ድባቴ ጋር እንደሆነ ነገረን።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስሙ የመጣው ዡል ኮታርድ ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ፓሪስ ውስጥ ለሐኪሞች ማኅበር ስለ አንዲት የ43 ዓመት ሴት አቀረበ። ሴትየዋ አንጎል የለኝም፣ ነርቭ የለኝም፣ ደረት የለኝም፣ ሆድም አንጀትም የለኝም ትል ነበር። የቀረኝ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው ትላለች። መብላት አያስፈልገኝም፣ እግዚአብሔርም ሰይጣንም የሉም፣ በተፈጥሮ ሞትም አልሞትም፣ ከእሳት በቀር የሚጨርሰኝ የለም ትላለች። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። አንዲት የፓሪስ ሴት ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድማ የተናገረችውን እናቴ ሳታነብና ሳትሰማ ደገመችው። መተት ነው ለሚሉ ዘመዶቼ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁላቸውም። በየዘመኑና በየአገሩ በአንድ መልክ የሚመጣ ነገር የጎረቤት ሥራ ሊሆን አይችልም።

ኮታርድ ነገሩን እንደ ከባድ የድባቴ ዓይነት ነው ያየው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ በዲፍቴሪያ የታመመች ልጁን ሲያስታምም በሽታው ተጋብቶበት ሞተ። አስታማሚ ሆኜ ስላነበብኩት ነው መሰለኝ ይህ ነገር ልቤን ነካው።

ኋላ በርዮስና ሉኬ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡ 100 ታማሚዎችን ሰብስበው መረመሩ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1995 ነው። ከመቶው 89ኙ ድባቴ ነበረባቸው። 86ቱ የሰውነታቸው ክፍል እንደሌለ ወይም እንደጠፋ ያምናሉ። 69ኙ ራሳቸው የሉም ይላሉ። 63ቱ ከባድ ጥፋተኝነት ይሰማቸዋል። 55ቱ ደግሞ አንሞትም ባዮች ናቸው። «ሞቻለሁ» እና «አልሞትም» አብረው የሚሄዱ አይመስልም። እናቴ ግን ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትለው።

አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤላት ስገባ ትኩር ብላ አየችኝና «አንቺ ማነሽ? ልጄን ትመስያለሽ» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያመመኝ ቃል የለም። ይህም ስም እንዳለው ያወቅሁት ከሐኪሙ ነው። ካፕግራስ ይባላል። ዦዜፍ ካፕግራስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1923 የገለጹት ነው። ታማሚው የቅርብ ሰዎቹ ተለውጠው፣ በእነሱ ቦታ የሚመስሏቸው ሰዎች እንደገቡ ያምናል። አንዳንድ ጊዜ ከኮታርድ ጋር በአንድ ሰው ላይ ይታያል።

አንድሪው ያንግ የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሁለቱን የሚያገናኝ ሐሳብ አቅርበዋል። እኔን ብዙ የረዳኝ ይኸው ነው። የምንወደውን ሰው ስናይ ዓይናችን ይለየዋል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውስጣችን ሞቅ ይለዋል። ታማሚው ጋ ዓይኑ ይለያል፣ ሙቀቱ ግን አይመጣም። አእምሮ ለዚህ ባዶነት ምክንያት ይፈልጋል። ተጠራጣሪ የሆነ ሰው «እነዚህ ሰዎች ተለውጠዋል» ይላል። በድባቴ ውስጥ ያለና ሁሉን በራሱ ላይ የሚያላክክ ሰው ደግሞ «የተለወጥኩት እኔ ነኝ፣ ሞቻለሁ» ይላል። እናቴ ይህንኑ በራሷ ቃል ነግራኛለች። «ስታለቅሺ አይሻለሁ። ግን አንጀቴ አይንሰፈሰፍም። እናት እንዲህ ትሆናለች?» ነበር ያለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ «እንዴት ልጇን ትረሳለች?» ብዬ አልተቀየምኳትም። የጠፋው ስሜቱ ነው። እሷም እየፈለገችው ነበር።

ሐኪሙ ወዲያው ወደ መድኃኒት አልሄደም። የደም ምርመራ አዘዘ፤ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኩላሊት፣ ሌላም። ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን አየ። ስትሮክ፣ የሚጥል በሽታና የመርሳት በሽታም እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጡ ይችላሉ። አንድ ጥያቄው ደግሞ አስገርሞኛል፦ «በቅርቡ አልማዝ ባለጭራ ታክመዋል?» ለዚያ በሽታ የሚሰጠው አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት፣ በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ፣ ይህንኑ ሞቻለሁ የሚል እምነት ያመጣባቸው ታማሚዎች ተመዝግበዋል። እናቴ አልወሰደችም። ግን ታማሚያችሁ የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ተኝታ እንድትታከም ተደረገ። የመጀመሪያው ሥራ ውሃና ምግብ ነበር። ግሉኮስ ተተከለላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለብዙ ጊዜ ያልበላ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ተዛብተው ልቡ እስከ መጎዳት ሊደርስ ይችላል። እኛ እንቁላል ፍርፍርና አጥሚት በየፌስታሉ ይዘን ስንሮጥ ነርሷ በሥርዓት ከለከለችን። ጥቂት በጥቂት፣ ደሟ እየታየ ነው የጀመሩት።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለድባቴው ሰርትራሊን፣ ሌላው ከእውነታ ለራቀው እምነት ኦላንዛፒን። ለምን ሁለት ብዬ ጠየቅሁ። እንዲህ ባለው ድባቴ ላይ በአሜሪካና በካናዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። 259 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። ኦላንዛፒንና ሰርትራሊን አንድ ላይ ከተሰጣቸው ወደ 42 በመቶው ከሕመሙ ወጥተዋል፤ ኦላንዛፒን ብቻውን ከተሰጣቸው 24 በመቶው። ሰው ተደብቆ ሲታከም የሚያጣው ይህን ነው። እምነቱን ያልነገረ ሰው ሁለቱን መድኃኒት ሊያገኝ አይችልም። ይህን ስል ግን ማንም ራሱ ገዝቶ ይስጥ ማለቴ አይደለም። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ሕክምናም ላንሳ፤ በአንጎል ላይ ለአጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበት ሕክምና ነው። ሲሰሙት ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ላይ ሲጀመር የነበረው መልክ በሰው አእምሮ ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ የሚሰጠው ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻው በመድኃኒት ላልቶ ነው። ምግብና ውሃ ላቆመ የከባድ ድባቴ ታማሚ ቶሎ ከሚደርሱ ሕክምናዎች አንዱ ነው። የማስታወስ ችግር ሊያስከትል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ እየተሻሻለ ይሄዳል። እኛ በታከምንበት ቦታ አልነበረም፣ እናቴም በመድኃኒት ተሻላት። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ግን ደጋግማ ትደውል ነበር፣ እዚያም ቢሆን ሐበሻው የኤሌክትሪክ ሕክምና ሲባል ታማሚውን ይዞ እንደሚወጣ ነገረችኝ። በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ሐኪም ይህን ሲያነሳላችሁ ከመሸሻችሁ በፊት ጠይቁ። ጥቅሙንና ጉዳቱን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው። ባለሙያ አስተርጓሚም ጠይቁ። እናቱ «በስብሻለሁ» ስትል ልጅ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። ልጅ ያለሰልሳል፣ ወይ ያለቅሳል።

ስለ ጸበሉ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እናቴ አማኝ ናት፣ እኛም አማኞች ነን። ሐኪሙን ስንጠይቀው አልተቃወመም። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና ምግብ እንዳይቀር ብቻ ነው የጠየቀው። የንስሐ አባቷ ሆስፒታል ድረስ መጡ። እናቴ «አባ፣ የሞተ ሰው ጸሎት አይሰማለትም» አለቻቸው። አልተከራከሯትም። መስቀል አሳለሟት። «የታመመ አይጾምም፣ ፈትቼሻለሁ። መድኃኒቱን በጸበሉ ዋጪው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ስንሰጣት ፊቷን አታዞርም። እኛ በሁለት ወር ያልቻልነውን እሳቸው በአንድ ቃል አደረጉት። ካህን የሆናችሁ፣ ሼህ የሆናችሁ፣ ፓስተር የሆናችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ በእጃችሁ ያለው ኃይል ይህን ያህል ነው። መድኃኒት አቋርጦ ባዶ ሆድ ሱባኤ ግቡ ማለት ግን እንዲህ ላለ ታማሚ አደገኛ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እንበላት የሚለው ከሁሉም ይከብድ ነበር። ወንድሜ እጇን ይዞ የልብ ምቷን አስዳሰሳት። «ይመታል እኮ እማዬ» አላት። «የሚመታው ያንተ ነው» አለችው። ማስረጃ አይሠራም። ክርክር በበዛ ቁጥር እሷም መልስ ታገኛለች፣ እምነቷም ይጠነክራል። በሌላ በኩል አንዲት ዘመድ «እንደ ተዝካር አድርገን ሰው እንጥራ፣ ደስ ይላትና ትተወዋለች» የሚል ሐሳብ አመጣች። ይህንንም እምቢ አልን። እምነቱን ማጽደቅ ፍርሃቷን እውነት ያደርግባታል።

እኛን የጠቀመን በመካከል ያለው ነው። «እማዬ፣ እኔ እንደሞትሽ አይታየኝም። አንቺን ግን በጣም እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። አብሬሽ ነኝ» እላታለሁ። ከዚያ ወሬውን ወደ ትንሽ ሥራ አዞረዋለሁ። ምስር እንልቀም፣ ጸጉርሽን ላበጥርልሽ፣ ይህቺን ውሃ ቅመሺልኝ። «ትድኚያለሽ ጠጪ» ስላት አትጠጣም፤ ለራሷ ዋጋ አልሰጠችም። «ለእኔ ብለሽ» ስላት ትጎነጫለች። አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። ስናጎርሳት «በሞቴ» ማለት ለጊዜው ይቅር አልን።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። «ሞቻለሁ የሚል ሰው ራሱን አያጠፋም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በተቃራኒው ነው። ከስቃዩ ለመውጣት ወይም የበሰበሰ የመሰለውን ሰውነቱን ለማስወገድ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። አንሞትም የሚሉትም እንዲሁ። እናቴን ብቻዋን አንተውም ነበር። የበረንዳውን በር ቆለፍን። በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙን፣ የቤቱን መድኃኒት ሁሉ አነሳን፤ የእሷም ኪኒን በእኔ እጅ ሆነ። በቀጥታም ጠየቅኋት፦ «እማዬ፣ ራስሽን ለመጉዳት ታስቢያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። መለሰችልኝ፣ እኔም ለሐኪሟ ነገርኩት። ማታ ማታ ከወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን ነበር የምናድረው። አስታማሚም ካልተኛ ይወድቃል፤ ዘመድ «ምን ልርዳችሁ?» ሲል «አንድ ሌሊት እደሩልን» በሉ። ከፍራፍሬው ይልቅ ይኼ ይጠቅማል።

መሻሉ በቅደም ተከተል መጣ። መጀመሪያ እንቅልፉ። ከዚያ ውሃ ራሷ ጠየቀች። ሳምንታት አልፈው አንድ ቀን ምሳ ስሰጣት «ይህ ወጥ ጨው በዝቶበታል፣ ማን ነው የሠራው?» አለች። ጣዕም ተመልሶላታል ማለት ነው። ኮሪደር ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩለት። የሞቱ እምነት ግን በአንዴ አልጠፋም። መጀመሪያ «ሞቻለሁ» የነበረው «ሞቼ ነበር» ሆነ። ቀጥሎ «ሞቼ መሰለኝ»። መጨረሻ ላይ «እንዴት እንደዚያ አሰብኩ?» እያለች መጠየቅ ጀመረች። ያን ጊዜ ሐፍረት መጣባት፣ በተለይ የዕድሩን ነገር ስታስታውስ። ይህም መታከም ያለበት ነገር ነው። «ታመሽ ነው። የሚያሳፍር የለውም» ማለት ብቻ ሳይሆን ሰዎቹም እንደ ወትሮው እንዲጠይቋት ማድረግ ያስፈልጋል። የዕድሩ ጸሐፊ ባለቤታቸውን ይዘው ቡና ሊጠጡ መጡ። ስለ ጉዳዩ አንድም አላነሱ።

ኦላንዛፒን ክብደት ይጨምራል፣ ስኳርና ቅባትም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከሳለች ብለን ስንጨነቅ የነበርን ሰዎች በኋላ ስለ ውፍረቷ ማሰብ ጀመርን። ስኳሯን በየጊዜው እናስለካለን፣ ማታ ማታ ግቢውን አብረን እንዞራለን። ስትነሳ ቀስ ብላ እንድትነሳም እንነግራታለን፤ ማዞር ያመጣል። እሷ በዚህ ምክንያት ልተወው ትላለች። ሐኪሙ ያነሳልን ጥናት ግን ወስኖልናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። በሁለቱ መድኃኒት የዳኑ ሰዎችን ለ36 ሳምንታት ተከታተሉ። ሁለቱንም ከቀጠሉት ወደ 20 በመቶው አገረሸባቸው። ኦላንዛፒኑ ቀርቶ ባዶ ክኒን ከተተካላቸው ደግሞ ወደ 55 በመቶው። ስለዚህ መጠኑን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ነው፣ እሱም ቀስ በቀስ።

የምንጠብቃቸው ምልክቶች አሉን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት። የእህቷን ነገር በጥፋተኝነት ማንሳት። ጾም ሲፈታ ትሪውን መግፋት። እናቴም ታውቃቸዋለች፣ አብረን ነው የጻፍናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ ለተወሰኑ ቀናት ከቆዩ ቀጠሮ አንጠብቅም፣ እንደውላለን። አንድ ጊዜ ደውለን መጠኑ ተስተካክሎ ተመልሳለች። የድሮ ጎረቤቶቿ በየተራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ወንድሜ እሷን ወደዚያ ይወስዳታል። ማኅበሩንም በሚቀጥለው ወር እዚሁ እኛ ቤት ታወጣለች፤ ጠላው ከአሁኑ ተጠንስሷል።